የመሪ አውሮፕላን የማን ነው?

ከፓርቲው ዋና ጸሐፊ ለከተማ መራጮች



በዚህ የምርጫ ማኒፌስቶ ውስጥ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ መኖሪያ ቤት፣ ስለ ሥራ አጥነት፣ ስለ ውኃና ስለ መብራት የፓርቲያችንን አቋም ታነባላችሁ። በመካከሉ ስለ አውሮፕላን የሚናገር ጽሑፍ ስታገኙ አንዳንዶቻችሁ ትገረሙ ይሆናል። «እኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመን ፀሐይና ዝናብ ይፈራረቅብናል፤ እናንተ ስለ መሪዎች አውሮፕላን ታወራላችሁ?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይህን ጽሑፍ በማኒፌስቶው ውስጥ ለማስገባት ሐሳብ ሳቀርብ ከራሳችን የሥራ አስፈፃሚ አባላት አንዱ ይህንኑ ጠይቀውኛል።

መልሴ ይህ ነው። በየትኛውም ሀገር የመሪን አውሮፕላን የሚገዛው፣ ነዳጁን የሚሞላውና የአብራሪውን ደመወዝ የሚከፍለው ያ ታክሲ የሚጠብቀው ሰው ነው። ደመወዙ እጁ ሳይገባ የሚቆረጠው የሥራ ግብር፣ ሱቁ ላይ የሚጣለው የንግድ ትርፍ ግብር፣ ሳሙና ሲገዛ ሳያውቀው የሚከፍለው ታክስ ተጠራቅሞ የመንግሥት ካዝና ይሆናል። ከካዝናው ወጪ ሆኖ ሰማይ ላይ የሚወጣውን ገንዘብ በተመለከተ ሕዝብ የመጠየቅ መብት ከሌለው፣ መሬት ላይ ስለሚፈሰው ገንዘብ የመጠየቅ መብት አለው ማለት ዘበት ነው። አንድ መንግሥት የሕዝብን ገንዘብ እንዴት እንደሚይዝ ለማወቅ መሪው የሚጓዝበትን አውሮፕላን ሒሳብ ማየት ይበቃል።

የሾፌሩ መዝገብ

ከብዙ ዓመታት በፊት፣ የሕግ ትምህርቴን ጨርሼ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሕግ ክፍል ጀማሪ ሠራተኛ ሳለሁ፣ በመጀመሪያ እጄ ከገቡት ፋይሎች አንዱ የአንድ አዛውንት ሾፌር ጉዳይ ነበር። ሾፌሩ በመሥሪያ ቤቱ መኪና ለመስክ ሥራ ወጥተው ሲመለሱ፣ በጉዞ ፈቃዳቸው ላይ የተጻፈው ርቀትና መኪናው የቆጠረው ኪሎ ሜትር አልገጠመም። ልዩነቱ ከጥቂት ሊትር ናፍጣ የማይበልጥ ነበር። መንገዱ በጎርፍ ተቆርጦ በሌላ በኩል መዞራቸውን አስረዱ። ሆኖም አስቀድሞ የተሰጠ ፈቃድ ስላልነበራቸው የነዳጁ ዋጋ ከደመወዛቸው እንዲቆረጥ ተወሰነ። የውሳኔውን ደብዳቤ ያረቀቅሁት እኔ ነኝ።

በዚያው ሰሞን የመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ በሌላ የመንግሥት መኪና ለቤተሰብ ሠርግ ወደ ትውልድ አገራቸው ሄደው ሳምንት ያህል ቆይተው ተመለሱ። የጉዞ ፈቃድ አልተሞላም፤ የነዳጅ ኩፖንም አልተጠየቀም። ማንም ምንም አላለም። እኔም አላልኩም። አዛውንቱ ሾፌር ደብዳቤውን ፈርመው ሲቀበሉኝ ቀና ብለው አዩኝና፣ «ልጄ፣ ይኼ መዝገብ የተሠራው ለእኛ ብቻ ነው እንዴ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ዛሬ ስለ መሪዎች አውሮፕላን ስጽፍ ያ ጥያቄ ከፊቴ አይጠፋም። ሕጉ ከሾፌሩ የእያንዳንዱን ኪሎ ሜትር ሒሳብ ይጠይቃል። ሥልጣን ከፍ እያለ በሄደ ቁጥር መዝገቡ እየሳሳ ይሄዳል፤ ከደመና በላይ ሲደርስ ደግሞ ጨርሶ ይጠፋል። ይህ በእኛ ሀገር ብቻ የሚታይ በሽታ አይደለም። ብልህ ከሌላው ይማራልና አስቀድመን ሦስት ሀገሮች የደረሰባቸውን እንመልከት።

ታንዛኒያ፦ ሣር እየበሉም ቢሆን

እ.ኤ.አ. በ2002፣ በፕሬዚዳንት ቤንጃሚን ምካፓ ዘመን፣ የታንዛኒያ መንግሥት ለፕሬዚዳንቱ ጉዞ የሚሆን ጋልፍስትሪም የተባለ ዘመናዊ ጄት ለመግዛት ወሰነ። ዋጋው በብዙ ሚሊዮን ዶላር የሚቆጠር ነበር። ታንዛኒያ በዚያን ጊዜ ከበጀቷ ከፍተኛ ድርሻ የሚሸፈነው በውጭ ዕርዳታ ነበር፤ የዕዳ ስረዛ ከተደረገላቸው ድሃ ሀገሮችም አንዷ ነበረች። ስለዚህ ከውስጥም ከውጭም «ይህ ገንዘብ ከየት መጣ?» የሚል ተቃውሞ ተነሣ።

የወቅቱ የገንዘብ ሚኒስትር ባዚል ምራምባ ለተቃውሞው የሰጡት መልስ ከአውሮፕላኑ በላይ ስም አወጣ። ሕዝቡ ሣር እየበላም ቢሆን አውሮፕላኑ ይገዛል የሚል ትርጉም ያለው ንግግር መናገራቸው በስፋት ተዘገበ። አውሮፕላኑ ተገዝቶ መጣ፤ ዓመታት አለፉ፤ ታንዛኒያውያን ግን ዛሬም የሚያስታውሱት የሣሩን ነገር ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ የታንዛኒያ ፕሬዚዳንት አውሮፕላን አያስፈልጋቸውም ነበር ወይ የሚለው አይደለም። ሰፊ ሀገር ናት፤ ምናልባት ያስፈልጋቸው ይሆናል። ጥፋቱ ያለው በመልሱ ውስጥ ነው። የገንዘብ ሚኒስትር ሥራ «ይህን ያህል እናወጣለን፤ በምትኩ ይህን ያህል እናተርፋለን፤ ከዚህ የረከሰ አማራጭ ያልወሰድነው በዚህ ምክንያት ነው» ብሎ በቁጥር ማስረዳት ነበር። ቁጥር በሌለበት ቦታ ንቀት ገባ። ባለሥልጣን ሒሳብ ማቅረብ የማይገደድበት ሥርዓት ውስጥ ውሎ አድሮ እንዲህ ያለ ንግግር መሰማቱ አይቀርም።

ማላዊ፦ የተሸጠው አውሮፕላንና የጠፋው ደረሰኝ

ሁለተኛዋ ምሳሌ ማላዊ ናት። ፕሬዚዳንት ቢንጉ ዋ ሙታሪካ እ.ኤ.አ. በ2009 ፋልከን 900 የተባለ ጄት በ13 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገዙ። ዋና ለጋሽ የነበረችው ብሪታንያ በግዢው ቅር ተሰኝታ በተከታዩ ዓመት ከዕርዳታዋ 3 ሚሊዮን ፓውንድ ቀነሰች። ይህ ማለት አውሮፕላኑ በአንድ ወገን ከካዝና ገንዘብ ሲያወጣ፣ በሌላ ወገን ደግሞ ወደ ካዝና ሊገባ የነበረውን አስቀረ። ዋጋውን የከፈለው በአውሮፕላኑ ተሳፍሮ የማያውቀው ማላዊያዊ ነበር።

ሙታሪካ በ2012 በድንገት ሲያርፉ ሥልጣኑን የተረከቡት ወይዘሮ ጆይስ ባንዳ ጄቱ እንዲሸጥ ወሰኑ። በ2013 በ15 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ዓለም አጨበጨበ፤ ጋዜጦች አሞገሱ። በዚያን ጊዜ በሀገሪቱ የምግብ እጥረት ስለነበረ ገንዘቡ ለተቸገረ ሕዝብ እህል መግዣ ይውላል ተባለ። ከዚያ በኋላስ? የሽያጩ ገንዘብ በትክክል የት ገባ፣ ለምን ዋለ የሚለው ጥያቄ ለዓመታት የማላዊ ፖለቲካ መነታረኪያ ሆኖ ቆየ።

ከዚህ የምንማረው ትልቅ ቁም ነገር አለ። አውሮፕላን መግዛት ብቻ ሳይሆን መሸጥም ያለ ሕግና ያለ ደረሰኝ ከሆነ ያው ነው። ከተቃዋሚ ጎራ የምንገኝ ወገኖች ብዙ ጊዜ «እኛ ስንመረጥ እንሸጠዋለን» ብለን ጭብጨባ መሰብሰብ ይቀናናል። ፓርቲያችን እንዲህ ያለ ቃል አይገባም። የምንገባው ቃል ሌላ ነው፤ ወደኋላ እንመጣበታለን።

ሜክሲኮ፦ ገዢ ያጣው ቤተ መንግሥት

ሦስተኛዋ ሜክሲኮ ናት። በፕሬዚዳንት ፌሊፔ ካልዴሮን ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ የሜክሲኮ መንግሥት ቦይንግ 787 ድሪምላይነር ለፕሬዚዳንቱ ጉዞ አዘዘ። ይህ በእኛ አየር መንገድ ከሁለት መቶ በላይ መንገደኞችን ጭኖ አህጉር የሚያቋርጠው ዓይነት አውሮፕላን ነው። የሜክሲኮው ግን ለፕሬዚዳንቱ መኝታ ክፍልና መታጠቢያ ቤት ተሠርቶለት 80 ያህል ሰው ብቻ እንዲይዝ ተደረገ። ዋጋው ወደ 218 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። በ2016 ሲደርስ ያዘዙት ፕሬዚዳንት ከሥልጣን ወርደው ስለነበር የተሳፈሩበት ተተኪያቸው ኤንሪኬ ፔኛ ኒየቶ ናቸው።

በ2018 የተመረጡት አንድሬስ ማኑዌል ሎፔዝ ኦብራዶር በዚያ አውሮፕላን አልሳፈርም ብለው ምለው ስለነበር እንደ ማንኛውም መንገደኛ በሕዝብ ማመላለሻ አውሮፕላን መጓዝ ጀመሩ። ድሪምላይነሩም እንዲሸጥ ወደ ካሊፎርኒያ ተላከ። ገዢ ግን አልተገኘም። አንድ ሰው እንዲመቸው ተደርጎ የተሠራ ግዙፍ አውሮፕላን ለአየር መንገዶች አይሆንም፤ ለመንገደኛ እንዲሆን መልሶ መሥራቱ ደግሞ ብዙ ወጪ ይጠይቃል። ቆሞም ቢሆን ጥገና ይፈልጋል። በመጨረሻ መንግሥት በአውሮፕላኑ ስም ሎተሪ አወጣ። በመስከረም 2020 እያንዳንዱ በ500 ፔሶ የሚሸጥ 6 ሚሊዮን ትኬት ቀረበ፤ ዕጣው ግን አውሮፕላኑ ሳይሆን እያንዳንዳቸው 20 ሚሊዮን ፔሶ የሆኑ 100 የገንዘብ ሽልማቶች ነበሩ። አውሮፕላኑ ራሱ የተሸጠው በ2023 ነው፤ የገዛውም የታጂኪስታን መንግሥት ሲሆን ዋጋው 92 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር።

218 ሲቀነስ 92፣ 126 ይሆናል። የሜክሲኮ ሕዝብ ከ120 ሚሊዮን ዶላር በላይ አጣ ማለት ነው። አንዱ መሪ ያለ ልክ አዘዘ፤ ሌላው አልነካውም አለ፤ ሁለቱም ውሳኔዎች የአንድ ሰው ፍላጎት ውጤቶች ነበሩ። የሕዝብ ንብረት በአንድ ሰው ፍቅርም ሆነ ጥላቻ ሲተዳደር ከሳሪው ሁልጊዜ ሕዝብ ነው።

መሪ በደኅና መጓዝ አለበት

እስካሁን ያልነው መሪዎች በእግራቸው ይሂዱ ማለት አይደለም። ፓርቲያችን በዚህ ጉዳይ ላይ ርካሽ ፖለቲካ አይሠራም። የአንድ ሀገር መሪ በሰላም መጓዝ የግል ጉዳዩ ሳይሆን የሀገር ደኅንነት ጉዳይ ነው። ይህንንም ከሌሎች ሐዘን እንማራለን።

ሚያዝያ 6 ቀን 1994 (እ.ኤ.አ.) የሩዋንዳውን ፕሬዚዳንት ጁቬናል ሃቢያሪማናንና የቡሩንዲውን ፕሬዚዳንት ሲፕሪየን ንታርያሚራን የያዘው ጄት ኪጋሊ ሲደርስ ተመትቶ ወደቀ። በሩዋንዳ የተፈጸመው የዘር ፍጅት የጀመረው ከዚያ በኋላ ባሉት ሰዓታት ነው። ሁለት ርእሳነ ብሔር በአንድ አውሮፕላን ነበሩ።

ሚያዝያ 10 ቀን 2010 የፖላንዱ ፕሬዚዳንት ሌህ ካቺንስኪ የተሳፈሩበት ቱፖሌቭ 154 በሩሲያ ስሞሌንስክ አጠገብ በከባድ ጉም ውስጥ ሊያርፍ ሲል ተከሰከሰ። 96 ሰዎች አለቁ። ከሟቾቹ መካከል የጦር ኃይሎች አዛዦችና የብሔራዊ ባንክ ገዢው ይገኙበታል። የአንድ ሀገር የበላይ አመራር በአንድ ጠዋት፣ በአንድ አውሮፕላን ጠፋ። የፖላንድ መርማሪዎች መሪዎችን ያጓጉዝ በነበረው የአየር ኃይል ክፍለ ጦር የአብራሪዎች ሥልጠና ላይ ከባድ ጉድለት አገኙ፤ ክፍለ ጦሩም በ2011 ፈረሰ።

ሰኔ 10 ቀን 2024 ደግሞ ያቺው ማላዊ ምክትል ፕሬዚዳንቷን ሳውሎስ ቺሊማን አጣች። ከሊሎንግዌ ወደ ምዙዙ የበረረው የመከላከያ ሠራዊቱ ዶርኒየር አውሮፕላን በመጥፎ አየር ምክንያት ማረፍ አቅቶት ሲመለስ ጫካ ውስጥ ወድቆ በውስጡ የነበሩት ዘጠኙም ሰዎች ሞቱ። ከዚያ ሦስት ሳምንት ገደማ ቀደም ብሎ የኢራኑ ፕሬዚዳንት ኢብራሂም ራይሲ በጉም በተሸፈነ ተራራ ላይ በሄሊኮፕተር አደጋ ሞተዋል።

ለእኛ ትምህርቱ ግልጽ ነው። የመሪን አውሮፕላን ደኅንነት የሚያረጋግጠው የወንበሩ ቆዳና የመኝታው ስፋት አይደለም። ደኅንነት ማለት በጊዜው የሚደረግ ጥገና፣ በሚገባ የሠለጠነ አብራሪ፣ እንዲሁም «አየሩ አይፈቅድም፤ አንነሣም» ለማለት የሚያስችል የሕግ ከለላ ያለው አብራሪ ማለት ነው። ተሳፋሪው የሀገሪቱ ታላቅ ሰው ሲሆን አብራሪው «አይሆንም» ማለት ይከብደዋል። ስለዚህ «አይሆንም» እንዲል ሕጉ ሊያግዘው ይገባል።

ክብርን በተመለከተም አንድ ነገር እንጨምር። በኅዳር 2018 የጀርመን ጠቅላይ ሚኒስትር አንጌላ ሜርክል ወደ አርጀንቲና ለቡድን 20 ጉባዔ ሲጓዙ የመንግሥቱ ኤርባስ ኤ340 አየር ላይ ተበላሽቶ ኮሎኝ ለማረፍ ተገደደ። በማግሥቱ ወደ ማድሪድ ሄደው በስፔን አየር መንገድ የመንገደኞች አውሮፕላን ተሳፍረው ቀጠሉ፤ ለጉባዔው መክፈቻም ዘገዩ። ጀርመን በዚህ ምክንያት ክብሯ አልወደቀም። ከሌሎች መንገደኞች ጋር መቀመጥም ለሜርክል የሚያሳፍር ነገር አልነበረም። ብሪታንያም በ2016 አንድ የአየር ኃይል የነዳጅ ጫኝ አውሮፕላን በ10 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ አሳድሳ ለመሪዎቿ ጉዞ ስታውል፣ አውሮፕላኑ ባለሥልጣን በማይጭንበት ጊዜ የወትሮ ሥራውን እንዲሠራ አድርጋ ነው። በ2020 ቀለሙን ለመቀየር 900 ሺህ ፓውንድ ሲወጣ ሕዝቡ ዋጋውን አውቆ በይፋ ተከራከረበት። ሕዝቡ የቀለሙን ዋጋ ሳይቀር ማወቁ ለብሪታንያ መንግሥት ውርደት አልሆነም።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

የእኛ ሀገር በዚህ ረገድ ከብዙዎች የተሻለ ዕድል አላት። አየር መንገዳችን የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ ያደረገው ሚያዝያ 8 ቀን 1946 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከዚያ ወዲህ ሦስት ሥርዓቶች ሲለዋወጡ እርሱ ቆሟል። መሪዎቻችንም ለውጭ ጉዟቸው በዚሁ አየር መንገድ ሲገለገሉ ኖረዋል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሚያዝያ 1966 ጃማይካ ሲገቡ ያረፈው አውሮፕላን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነበር። የሀገርን ባንዲራ በሠራተኛ አየር መንገድ ጭራ ላይ ይዞ መሄድ በወርቅ ከተለበጠ ጄት ይልቅ ያኮራል። ይህ ልማድ መልካም ነው፤ ሊጠበቅ ይገባዋል።

ነገር ግን ልማድ ሕግ አይደለም። እስቲ ለራሳችን እንጠይቅ። አንድ የመንገደኛ አውሮፕላን ከመስመር ወጥቶ ለባለሥልጣናት ጉዞ ሲመደብ፣ አየር መንገዱ በዚያ ቀን የሚያጣውን ገቢ ማን ይተካለታል? ነዳጁ፣ የማረፊያ ክፍያው፣ የአብራሪዎቹ አበል በየትኛው መሥሪያ ቤት የበጀት ርዕስ ይመዘገባል? በልዑካን ቡድኑ ውስጥ ስንት ሰው ተካተተ? የተካተተውስ በምን ሥራ ነው? ነገ አንድ መሪ ተነሥቶ ለብቻዬ ጄት ይገዛልኝ ቢል ግዢው በየትኛው ደጃፍ ያልፋል? ውድ መራጭ፣ አንተ ወይም አንቺ ግብር ከፋይ ሆናችሁ የእነዚህን ጥያቄዎች መልስ በእጃችሁ ይዛችሁ ታውቃላችሁ?

አየር መንገዱ የመንግሥት ነው፤ የመንግሥት ነው ማለት ግን የባለሥልጣን ነው ማለት አይደለም። በንግድ ሥርዓት የሚተዳደር፣ ከዓለም አየር መንገዶች ጋር የሚወዳደር ድርጅት ነው። የመንግሥት ጉዞ ሒሳብ በግልጽ ካልተከፈለው ውስጥ ውስጡን የሚደማው እርሱ ነው።

ሕገ መንግሥቱ በዚህ ላይ ዝም አላለም። አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ እንዲከናወን፣ ኃላፊነቱን ያጓደለም ተጠያቂ እንዲሆን ያዛል። በአንቀጽ 55 የፌዴራል መንግሥትን በጀት የሚያጸድቀው፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩንም ሆነ ሌሎች ባለሥልጣናትን ጠርቶ የሚጠይቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። አንቀጽ 101 ዋናው ኦዲተር የመሥሪያ ቤቶችን ሒሳብ መርምሮ ለምክር ቤቱ እንዲያቀርብ ያደርጋል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን ነፃነትና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ዜጋ ከመንግሥት መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። እንግዲህ መሠረቱ ተጥሏል። የጎደለው በመሠረቱ ላይ የሚቆመው ግድግዳ፣ ማለትም የመሪዎችን የአየር ጉዞ ለይቶ የሚገዛ ዝርዝር ሕግ ነው።

ምርጫና አውሮፕላን

ይህ ጽሑፍ የሚወጣው በምርጫ ሰሞን በመሆኑ አንድ ጉዳይ ሳልነካ አላልፍም። የመንግሥት ሥልጣን የያዘ ፓርቲ በመንግሥት አውሮፕላንና ሄሊኮፕተር ለምርጫ ቅስቀሳ ቢበር፣ ተወዳዳሪው ደግሞ በተከራየው ሚኒባስ አቧራ እየቃመ ቢሄድ ውድድሩ ከመነሻው ተዛብቷል። በሕንድ የምርጫ ኮሚሽኑ ያወጣው የሥነ ምግባር ደንብ የመንግሥት መኪናዎችንና አውሮፕላኖችን ለገዢው ፓርቲ ጥቅም ማዋልን በስም ጠርቶ ይከለክላል፤ ከዚህ ነፃ የሚሆነው በደኅንነት ምክንያት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ብቻ ነው። በአሜሪካም ፕሬዚዳንቱ ለምርጫ ቅስቀሳ ሲበሩ ፓርቲያቸው ወይም የምርጫ ዘመቻቸው ድርሻውን ለመንግሥት የመክፈል ግዴታ አለበት። ክፍያው ሙሉውን ወጪ አይሸፍንም ተብሎ ይተቻል፤ ቢሆንም የሀገር ሥራና የፓርቲ ሥራ ሁለት መሆናቸውን ሕጉ አውቋል። እኛም ዘንድ ይህ መስመር ሊሰመር ይገባል።

ፓርቲያችን የሚገባው ቃል

ሕዝብ መርጦን መንግሥት ብንመሠርት፣ በመጀመሪያው የምክር ቤት ዘመን የመንግሥት ኃላፊዎች የአየር ጉዞ ሕግ አርቅቀን እናቀርባለን። ሕጉ የሚከተሉትን ይይዛል፦

1. ለመሪዎች ጉዞ የሚሆን አውሮፕላን ወይም ሄሊኮፕተር መግዛት፣ መከራየት፣ በስጦታ መቀበልና መሸጥ የሚቻለው ዋጋውና የዓመት ወጪው ተዘርዝሮ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በግልጽ ስብሰባ ሲጸድቅ ብቻ ነው። በስጦታ የተገኘም ቢሆን ነዳጅና ጥገና ይፈልጋልና፤ ሰጪውም ውለታ ይጠብቃልና።

2. የአየር መንገዳችን መደበኛ በረራ ባለበት መስመር መደበኛው በረራ ቅድሚያ ይኖረዋል። ልዩ በረራ የሚፈቀደው የደኅንነት ወይም የጊዜ ምክንያቱ በጽሑፍ ሲቀርብ ነው።

3. መንግሥት ለአየር መንገዱ የልዩ በረራን ሙሉ ዋጋ ከፈቃጁ መሥሪያ ቤት በጀት ይከፍላል። ዱቤም ሆነ «የኋላ ኋላ ይታሰባል» የሚባል ነገር አይኖርም።

4. ጉዞው በተፈጸመ በ90 ቀን ውስጥ መድረሻው፣ ዓላማው፣ የተጓዦቹ ብዛትና ጠቅላላ ወጪው ለሕዝብ ይገለጻል። ዋናው ኦዲተርም በየዓመቱ ይህን ሒሳብ ለብቻው መርምሮ ለምክር ቤቱ ያቀርባል።

5. የበረራ ደኅንነትን በተመለከተ የመጨረሻው ቃል የአብራሪው ነው። በአየር ጠባይ ወይም በቴክኒክ ምክንያት አልነሣም ወይም አላርፍም ያለ አብራሪ በዚህ ምክንያት አይቀጣም፤ ጫና ያደረገበት ባለሥልጣን ግን ይጠየቃል።

6. ርእሰ ብሔሩና ጠቅላይ ሚኒስትሩ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩና ምክትላቸው፣ እንዲሁም የጦር ኃይሉ የበላይ አዛዦች በአንድ አውሮፕላን አብረው አይሳፈሩም።

7. በምርጫ ዘመቻ ወቅት የመንግሥት አውሮፕላንና ሄሊኮፕተር ለፓርቲ ሥራ አይውልም። በደኅንነት ምክንያት ግድ ከሆነ የተጠቀመው ፓርቲ ሙሉውን የገበያ ዋጋ ይከፍላል።

የሚነሡ መከራከሪያዎች

አንደኛው መከራከሪያ «የመሪ ጉዞ የሀገር ምሥጢር ነው» የሚል ነው። ገና የሚደረግ ጉዞ ሰዓትና መንገዱ ምሥጢር መሆኑን እንቀበላለን። የተፈጸመ ጉዞ ደረሰኝ ግን ምሥጢር ሊሆን አይችልም። ጠላት ባለፈው ወር የተከፈለ የነዳጅ ሒሳብ አይቶ የሚያደርሰው ጉዳት የለም፤ ሕዝብ ግን ሒሳቡን አይቶ የሚያገኘው ጥቅም አለ።

ሁለተኛው «የሀገር ክብር ነው» የሚል ነው። የሀገር ክብር መሪው ከአውሮፕላን ሲወርድ በሚነጠፈው ምንጣፍ አይለካም። የተበደረችውን የምትከፍል፣ ሕዝቧን የማታስርብ፣ ሒሳቧ የተስተካከለ ሀገር መሪዋ በመደበኛ በረራ ቢደርስም ተከብሮ ይቀመጣል።

ሦስተኛው «ከሀገሪቱ በጀት አንጻር ይህ ጥቂት ገንዘብ ነው» የሚል ነው። ይህ መከራከሪያ እንኳ ለማወቅ ቁጥሩ መታየት አለበት። ጥቂት ከሆነ ለመግለጽ ምን ያስፈራል? ደግሞም አዛውንቱ ሾፌር ደመወዛቸው የተቆረጠው በጥቂት ሊትር ናፍጣ ነበር። ለትንሹ ሰው ትንሹ ገንዘብ ከተቆጠረ፣ ለትልቁ ሰው ትልቁ ገንዘብ የማይቆጠርበት ምክንያት የለም።

አራተኛውና እውነተኛው ጥያቄ ከእናንተ ከመራጮች የሚመጣ ነው፤ «እናንተስ ሥልጣን ስትይዙ አትቀየሩም?» የሚል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት ባለበት ሀገር ይህ ጥርጣሬ ከልምድ የመጣ ነው፤ አንቀየምበትም። እመኑን አንልም። ሕጉን ከሥልጣን በፊት በጽሑፍ ያወጣነው ራሳችንንም እንዲያስረን ነው። አውሮፕላኑ ከተገዛ በኋላ፣ ገንዘቡም ከወጣ በኋላ መከራከር ታንዛኒያንም ሜክሲኮንም አልጠቀመም። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ ሕጉ ከግዢው መቅደም አለበት።

ስለዚህ ይህን ማኒፌስቶ አንብባችሁ አትጣሉት፤ ከቤታችሁ አስቀምጡት። ከመረጣችሁን ሁለት ዓመት በኋላ አውጥታችሁ ሰባቱን ነጥቦች አንድ በአንድ አመሳክሩ። ያልፈጸምነው ካለ በየስብሰባው፣ በየቀበሌው፣ በየጋዜጣው ጠይቁን። ካልመለስን በቀጣዩ ምርጫ ድምፃችሁን ንፈጉን። የዴሞክራሲ ትርጉሙ ይኸው ነው።

እኔም በበኩሌ ከብዙ ዓመታት በፊት መልስ ያጣሁለትን ጥያቄ ዛሬ ልመልስ። አባቴ፣ መዝገቡ የተሠራው ለእርስዎ ብቻ አልነበረም። ለሁላችንም ነበር። ላይ ያሉት እንዲፈርሙበት ማድረግ የነበረብን እኛ የሕግ ሰዎች ነበርን፤ አላደረግነውም። አሁን ግን የምርጫ ካርዱ በሕዝብ እጅ ነው። በምርጫው ዕለት በማለዳ ወጥታችሁ ድምፅ ስትሰጡ፣ ኪሎ ሜትሩ ለሾፌርም ለመሪም እኩል የሚቆጠርባት ሀገር እንድትኖረን ምረጡ።

ድምፃችሁ መዝገባችሁ ነው!